የጣሊያን ዘመን ልቦለዶች ላይ አርበኛው ሁሉ ለምን አንድ ሰው ይመስላል?

የማርቆስ ልጅ | ደብረ ማርቆስ

ሰላም ለዚህ ቤት።

ክረምቱን በሙሉ ስለ ጣሊያን ወረራ የተጻፉ ልቦለዶችና ማስታወሻዎች ሳነብ ከረምኩ። ማርቆስ በነሐሴ ሌላ ምን ይሠራል? ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ መብራቱም ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይሄዳል። አንብቤ ስጨርስ ግን የሚከራከረኝ ሰው አጣሁ። ስለዚህ እናንተው ቻሉኝ።

ባጭሩ ልቦለዶቹ አናደዱኝ። ማስታወሻዎቹን ወደድኳቸው፣ ግን አላምናቸውም። እንዲህ እየተናደድኩም ልቦለዶቹን ማንበብ አልተውኩም።

መጀመሪያ ንዴቱን ላውጣው። አርበኛው ሁልጊዜ ረጅም ነው። ጎፈሬው ያስፈራል። አይርበውም፣ ተቅማጥ አይዘውም፣ ሚስቱ አትናፍቀውም። ባንዳው ደግሞ ገና ስሙ ሲነሳ ይታወቃል። አጭርና ገንዘብ ወዳድ ነው፣ ሲያወራ ዓይኑ አያርፍም። ምዕራፍ ሦስት ላይ ማን ማንን እንደሚያስይዝ ገብቶህ ያልቃል። በየገጹ ፉከራ አለ፣ ተኩስ አለ። ግን ሰው አምስት ዓመት ዱር ሲያድር ምን በላ? ጨው ከየት መጣ? ቁስሉ በምን ታጠበ? አንድ ጥይት በስንት ይሸጥ ነበር? ደራሲው አይነግርህም። አያውቀውማ!

ማስታወሻ ላይ ግን ይሄ ነገር ይገኛል። ጋሽ ሀዲስ ዓለማየሁን ውሰዱ። የኛው ሰው ናቸው፣ የእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ልጅ። ከራስ እምሩ ጦር ጋር ሽሬ ድረስ ዘመቱ። ኋላ ተማርከው ጣሊያን አገር በግዞት ዓመታት ከረሙ። ይሄ ሁሉ ደርሶባቸው ልቦለድ ለመጻፍ ሲቀመጡ ግን ስለ ጦርነቱ አልጻፉም። በ1958 የወጣው ፍቅር እስከ መቃብር የበዛብህና የሰብለ ወንጌል፣ የፊታውራሪ መሸሻና የጉዱ ካሣ ታሪክ ነው። ጦርነቱን ያቆዩት ለ"ትዝታ" ነው። እሱም የታተመው በ1985 ነው። ይሄ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። የአገሪቱ ትልቁ ልቦለድ ጸሐፊ፣ ያውም ጦርነቱን በዓይናቸው ያዩ ሰው፣ ለምን በልቦለድ ሳይነኩት ቀሩ?

ማስታወሻን የማላምነው ደግሞ ሁሉም በገዛ መጽሐፉ ንጹሕ ስለሆነ ነው። የደርግ ሹማምንት የጻፏቸውን ደርድራችሁ አንብቡ። አንድ ክፍል ውስጥ አብረው የተሰበሰቡ ሰዎች ናቸው። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የሌላው ነው። በተለይ የሞተው ሰውዬ።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። ጎጃም ላይ በእነዚያ አምስት ዓመታት የሆነው ሁሉ ለምን አንድ ደህና ልቦለድ አላገኘም? አግኝቷል የምትሉ ርዕሱን ጣሉልኝ። ፒዲኤፍ ግን አትላኩ፣ ዓይኔ አልቋል።

የብቸናዋ መምህርት | ብቸና

ሃሃ፣ ተቅማጥ የሌለበት ልቦለድ አናደደኝ የሚል አንባቢ ዛሬ ገና አየሁ።

ግማሹን እስማማለሁ። ግን አንተም ራስህ "ምን በላ" ብለህ አለፍክ እኮ። ማን ጋገረው አላልክም። ስንቅ የሚያደርሰው ማን ነው? ማታ ማታ እህሉን ጉድጓድ ውስጥ የሚቀብረው ማን ነው? ባሏ ጫካ የገባባት ሴትዮ ጣሊያን ቤቷ ሲመጣ ምን ብላ መለሰች? ልቦለዶቹ ላይ ሴቷ ወይ ታለቅሳለች ወይ ትሸልላለች። ሌላ ሥራ የላትም።

እንግሊዝኛ የማያስቸግርህ ከሆነ የመዓዛ መንግሥቴን "ዘ ሻዶው ኪንግ" ፈልግ። በፈረንጆቹ 2019 የወጣ ነው፣ በዓመቱ ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቷል። ባለታሪኳ ሂሩት የምትባል የቤት ሠራተኛ ናት። ደራሲዋ እንደምትናገረው የራሷ ቅድመ አያት ለአባቷ ጠመንጃ ተሟግታ ዘምታለች። እዚያ መጽሐፍ ላይ የአርበኞቹ አለቃ ሂሩትን ይደፍራታል። ቀን ጣሊያንን ይዋጋል፣ ማታ ይሄን ያደርጋል። ለሥራ ባልደረቦቼ ስተርክላቸው አንዱ "እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ የአርበኞችን አጥንት መውቀስ ነው" ብሎ ሻዩን ትቶ ተነሳ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ጊዜ አንድ አርበኛ እንደ ሰው ሆኖ የታየኝ እዚያ ላይ ነው። ጀግንነቱን አልሰረዘበትም እኮ። ሁለቱንም አሸከመችው።

ቅር ያለኝም አለ። ቋንቋው በጣም ተኳኩሏል። ሰው ቆስሎም ያምራል፣ ሞቶም ያምራል። አንዳንዴ "እስኪ ዝም ብለሽ ንገሪኝ" ማለት ያምረኛል።

የእንጅባራው ጡረተኛ | እንጅባራ

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። ጽሑፍ ላይ ቀርፋፋ ነኝ፣ ታገሡኝ።

ስለ ግመል ላጫውታችሁ። ንጉሡ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ በኩል ድንበር ሲሻገሩ ከእንግሊዞቹ ጋር በሺህ የሚቆጠር ግመል ከሱዳን አብሮ ገባ። ግመሉ ቆላውን ቻለው። ዳገቱንና ብርዱን ግን አልቻለም። በየመንገዱ እየወደቀ ቀረ። አባቴ ያኔ ከብት ጠባቂ ልጅ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ መድፉን አያነሳም፣ አውሮፕላኑን አያነሳም። የሚያነሳው የግመሉን ሽታ ነው። ከብቶቹ በዚያ በኩል አልፍም ብለው ስላስቸገሩት ሌላ የውኃ መንገድ ፈልጎ ነበር። ያ የእንግሊዞቹ መኮንን ዊንጌት ማን እንደሆነ ያወቀው ካደገ በኋላ ነው።

ይሄን የመሰለ ነገር ልቦለድ ውስጥ የለም ብለህ የተናደድከው ልክ ነህ። ምክንያቱን ግን ደራሲው አያውቅም በሚል ብቻ አትለፈው። ከድሉ በኋላ በነበሩት ዓመታት የጻፉ ሰዎች ለማን ነበር የሚጽፉት? አርበኛው በሕይወት አለ፣ መጽሐፉን ይገዛል። ባንዳውም በሕይወት አለ። ያውም ስንቱ ሹመቱን ይዞ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ! ያን ጊዜ ከጣሊያን ጋር የነበሩ ሰዎች ተመልሰው ዳኛና ገዥ መሆናቸው የታወቀ ነው። ሳንሱሩም አለ። እንግዲህ ባንዳውን ሰው አድርጎ፣ ስሙ እንዲታወቅ አድርጎ ማን ይጽፋል? አጭርና ዓይኑ የማያርፍ አድርጎ መጻፍ ይሻላል። እንዲያ ሲሆን ማንም "እኔን ነው" አይልም።

ማስታወሻንም አትናቅ። ልዑል ራስ እምሩ "ካየሁትና ከማስታውሰው" የሚል ትተውልናል። እሳቸው በግዞት የነበሩበት ፖንዛ የሚባል ደሴት አለ። ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ በ1935 እዚያው ደሴት ላይ ታሰረ። አንድ ልቦለድ ጸሐፊ ይሄን ቢፈጥር "አበዛኸው" ብላችሁ መጽሐፉን ትወረውሩት ነበር።

የማርቆስ ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ግመሉን ልሰርቅዎት ነው።

የፖንዛው ነገር ግን የኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው። እውነቱ ከተፈጠረው ከበለጠ ልቦለዱ ለምን ያስፈልጋል?

የፊያሜታ ወዳጅ | ባሕር ዳር

ኧረ ተው። ልቦለድ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ አላነበበም ማለት ነው።

የኔ ችግር ከ"ታሪካዊ" ልቦለድ ጋር ነው። ከ80 ዓመት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ፣ የድሮ ልብስ ስም ለቃቅሞ፣ "እንዴት አደርክ ጌታው" እያስባለ የሚጽፈው ነገር ያፍነኛል። በዓሉ ግርማ ግን አስመራ ነበር። ደርግ ኤርትራ ላይ ያካሄደውን ቀይ ኮከብ ዘመቻ በዓይኑ አይቶ ኦሮማይን በ1975 አሳተመው። ስብሰባው፣ ካድሬው፣ ቢራው፣ ፊያሜታ፣ ሁሉም ትኩስ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉም በ1976 እንደወጣ ቀረ። የጦርነት ልቦለድ ማለት ለኔ ይሄ ነው። አደጋ የሌለበት ድፍረት ድፍረት አይደለም።

የብቸናዋ መምህርት

በዚህ አያያዝህ ቶልስቶይንም ልትጥለው ነው። ጦርነትና ሰላም የተጻፈው ናፖሊዮን ሩሲያን ከወረረ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሰውዬው ያኔ አልተወለደም። ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ነው የጻፈው።

ኦሮማይን እወደዋለሁ። ግን ፊያሜታን ከውበቷ ሌላ በምን ታስታውሳታለህ? እስኪ በሐቅ ተናገር።

የፊያሜታ ወዳጅ

በሐቅ? በውበቷ። ግን አንቺም ነገር ታበዣለሽ።

አዟሪው | ባሕር ዳር

መጽሐፍ ሸጬ ነው የምበላው። ከገበያ በኩል ያለውን ልንገራችሁ።

ማስታወሻ ይሸጣል። የባለሥልጣን ከሆነ ደግሞ ገና ከካርቶን ሳይወጣ ያልቃል። ሰው የሚገዛው ግን ሊያነብ ብቻ አይመስለኝም። ስም ሊፈልግ ነው። እዚሁ ቆመው መጨረሻ ገጽ ላይ ያለውን የስም ማውጫ የሚያገላብጡ ደንበኞች አሉኝ። የአባታቸውን ስም ካጡ አስቀምጠውት ይሄዳሉ።

ታሪካዊ ልቦለድ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ከትርጉም ግን ሁሌም የምይዘው "ነገም ሌላ ቀን ነው"ን ነው፣ የማርጋሬት ሚቸልን "ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ"። የአሜሪካን የርስ በርስ ጦርነት ታሪክ ነው። ነቢይ መኮንን ደርግ አስሮት እያለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው የተረጎመው፣ 3,000 በሚሆን ቁራጭ ወረቀት። እስረኞች በዚያው በሲጋራ ፓኮ እየደበቁ ወደ ውጭ አወጡለት። ይሄን ለደንበኛ ሳወራ ወዲያው ይገዛል። አሁን ጉዱን ልንገራችሁ። መጽሐፉን ሳነበው ባለታሪኮቹ ባሪያ አሳዳሪዎች ናቸው። ደራሲዋ ታዝንላቸዋለች። ባሪያው ጌታውን ሲወድ ነው የምታሳየው። እስር ቤት ያለ ሰው በነፍሱ ተወራርዶ የተረጎመው መጽሐፍ ስለ ባሪያ ጌቶች ናፍቆት መሆኑ እስካሁን አይዋጥልኝም። የጦርነቱ ክፍል ግን፣ ከተማው ሲቃጠል፣ ረሃቡ፣ ልጅቷ አፈር ቆፍራ ሥር ስትበላ... እሱን ያየ እስረኛ ለምን እንደወደደው ይገባኛል። እጠላዋለሁ፣ እሸጠዋለሁ፣ ሁለቴ አንብቤዋለሁ።

ጓሳ | ፍኖተ ሰላም

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ የጦርነት መጽሐፍ አሁን አላነብም። የምንኖርበትን ታውቃላችሁ። ማታ ድምፅ ሲሰማ ልጆቼን ወደ ጓዳ የማስገባ ሰው በመኝታ ሰዓት ስለ ተኩስ ማንበብ አልችልም። ሌላው ሰው "ትኩስ ነው" ሲል ደስ ይለዋል፣ እኔን ያቃጥለኛል።

የማዳምጠው ፍቅር እስከ መቃብርን ነው፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ። ጉዱ ካሣን ሲያወራ ብቻዬን እስቃለሁ። ሳስበው ግን ያም ስለ ጦርነት ነው። ባላገሩ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲነሳ ያለውን አስታውሱ። ጥይት የቆጠረ ሰው ብቻ አይደለም ጦርነት የሚጽፈው።

የማርቆስ ልጅ

ጓሳ፣ እህቴ፣ አይዞሽ። ያልሽው የባላገሩ ነገር ግን አስደነገጠኝ። ጋሽ ሀዲስ የጻፏቸው የገዛ ጌታቸውን የሚማርኩ ገበሬዎች ናቸው እኮ። ምናልባት በጦር ሜዳ ያዩትን እዚያ አስገብተውት ይሆን? ምርኮኛ መሆን ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ነው ፊታውራሪውን የጻፈው። እንደገና ላነበው ነው።

ስሜ ይቅር

ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። የእንጅባራው አባታችን ስለ ባንዳ ያሉትን ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ።

አያቴ ባንዳ ነበር። ይሄን የምናገረው ስሜ ስለማይታይ ነው። ደሞዙን የሚቀበለው በሊሬ ነው። ባላገሩ ገበያ ላይ ሊሬ አልወስድም፣ ጠገራ ብር አምጣ ስለሚል አያቴ ደሞዙን ይዞ ጨው መግዛት የሚያቅተው ቀን ነበር ይባላል። የአያቴ ሚስት ወንድም ደግሞ በረሃ ነው፣ ከአርበኞች ጋር። አያቴ ቀን ኬላ ይጠብቃል። ማታ ለአማቹ ጥይት ያቀብላል። ጥይቱን የምታደርሰው አያቴ ናት፣ ሴቷ ማለቴ ነው፣ በቅል ውስጥ ከተልባ ሥር። አንድ ጊዜ ግን አማቹ ያለበትን መንደር ሲያቃጥሉ አያቴም አብሮ ወጥቷል። ይሄንንም ሰምቻለሁ። ሁለቱንም የነገረችኝ አንዲት ሴት ናት፣ በአንድ ቀን፣ ቡና እየጠጣን።

ጣሊያን ሲወጣ ጠመንጃውን እንደያዘ ወደ አርበኞቹ ዞረ። ኋላ ሜዳልያ አገኘ። ሜዳልያው እናቴ ሣጥን ውስጥ አለ። የሊሬው ሳንቲምም አለ። በአንድ ጨርቅ ነው የተቋጠሩት። እናቴ ለይታ አላስቀመጠቻቸውም።

እና አርበኛውም ባንዳውም አንድ ዓይነት ሆኑብኝ ያልከው ወንድሜ፣ የኔ አያት የትኛው መጽሐፍ ውስጥ ነው የሚገባው?

አባ ነጎድጓድ

ይኸው መጣ! ባንዳን በሳሙና ልታጥቡት ነው። ዛሬ "አያቴ ሁለት ልብ ነበረው" ይላሉ፣ ነገ ሐውልት ይሠራለት ይላሉ። በዚህ ምድር ላይ የበላይ ዘለቀ ደም ፈሷል። አርበኛ አርበኛ ነው፣ ባንዳ ባንዳ ነው። ልቦለድ ይሄን ለልጆች ማስተማር አለበት። የሚያምታታ ከሆነ ይቅር።

የማርቆስ ልጅ

አባ ነጎድጓድ፣ በላይን ካነሳህ አይቀር እስከ መጨረሻው እንሂድ። አባ ኮስትር በላይን ጣሊያን አልገደለውም። ከድሉ በኋላ ሞት ተፈርዶበት ወደ እስራት ተለወጠለት፣ ሊያመልጥ ሲል ተያዘና በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አብሮት የተሰቀለው ደግሞ የጣሊያን ወገን የነበረው ማሞ ኃይሉ ነው። አርበኛውና ባንዳው አብረው ሊያመልጡ ሞከሩ፣ አብረው ተሰቀሉ። አሁን ይሄን ለልጆች እንዴት አድርገህ ነው የምታስተምረው? እኔ ያነበብኳቸው ልቦለዶች ሁሉ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ላይ ባንዲራ ሰቅለው ያልቃሉ። ለጎጃም ግን ታሪኩ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ሌላም ልጨምርልህ። ደጃዝማች ገሠሠ በለው ወደ ሽሬ ከሚሄደው የራስ እምሩ ጦር ተገንጥለው ማርቆስን ሊይዙ ተመለሱ። ራስ ኃይሉ ተሽረው ታስረው ከረሙና ጣሊያን ሲመጣ ከጣሊያን ጋር ሆኑ። እነዚህ አጭርና ዓይናቸው የማያርፍ ሰዎች አይደሉም። የጎጃሙ ንጉሥ የተክለ ሃይማኖት ቤት ናቸው። ቂም አላቸው፣ ርስት አላቸው፣ የተወሰደባቸው አገር አላቸው። ጥፋታቸውን አላጠብኩም። ለምን እንዳጠፉ ካልገባኝ ግን ምኑን አነበብኩት?

የእንጅባራው ጡረተኛ

አባ ነጎድጓድ፣ ወንድሜ፣ አትቆጣ። መንደር የተቃጠለበት ሰው ቂሙን አይረሳም፣ መርሳትም የለበትም። ልጁ ግን መንደር ማቃጠሉን አልደበቀም እኮ። ሜዳልያ አገኘ ብሎ ብቻ ሊያወራልን ይችል ነበር። ማን ይይዘዋል?

ስሜ ይቅር፣ ልጄ፣ ጻፈው። ማስታወሻ አድርገህ ጻፈው፣ ከነስሙ፣ ከነመንደሩ። ምስክሮቹ እያለቁ ነው።

አባ ነጎድጓድ

ጋሼ እርስዎን ስለማከብር እንጂ የምለው ነበረኝ። የኔ አባት መንደር ነው የተቃጠለው። የቱ መንደር እንደሆነ ይናገር እንጂ!

የብቸናዋ መምህርት

ይሄው፣ ማስታወሻ የሚቸግረው እዚህ ላይ ነው። "የቱ መንደር" ከተባለ በኋላ ሥነ ጽሑፍ መሆኑ ይቀርና ክስ ይሆናል። ስሜ ይቅር፣ እንደፈለግህ አድርግ፣ ማንም አያስገድድህም። አዟሪው፣ ነገም ሌላ ቀን ነው አንድ ፍሬ ያዝልኝ፣ ቅዳሜ ሰው እልካለሁ። ደህና ዋጋ አድርግ።

ስሜ ይቅር

አባታችን፣ ምክርዎን በአክብሮት ሰምቻለሁ። ማስታወሻ ግን አልጽፍም። እናቴ በሕይወት አለች። ለቅሶ የምትደርሰው፣ ማኅበር የምትጠጣው ከዚያው መንደር ሰዎች ጋር ነው። አባ ነጎድጓድ፣ የአንተ አባት መንደር ከሆነም ባይሆንም ለአባትህ ነፍስ ይማር።

ልቦለድ ከሆነ ግን ጀምሬዋለሁ። አገሩን የጮቄን ተራራ አሻግሬ ሌላ ቦታ አድርጌዋለሁ። አያቴን ረጅም አድርጌዋለሁ። ቅሉና ተልባው እንዳለ ነው። የመንደሩን ቃጠሎ ምዕራፍ ግን እስካሁን ከማን ዓይን እንደምጽፈው አልቆረጥኩም፤ ከሱ ዓይን ስሞክር ሰበብ ይበዛበታል፣ ከአማቹ ዓይን ስሞክር ደግሞ ያው የምታውቁት አርበኛ ይሆንብኛል።

የብቸናዋ መምህርት

ከሚስቱ ዓይን ሞክረው። ጥይቱን ያደረሰችው እሷ አይደለችም?